ኦሞ ውስጥ የገባው ኤ32፦ ይሠራ ወይስ ይቀየር?

ስልኩ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ32 ነው። የአጎቴ ልጅ ስልክ። እሷ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ናት። ትእዛዝ የምትቀበለው በቴሌግራም፣ ቀብድ የምትቀበለው በቴሌብር ነው። ወሩ ነሐሴ 2017 ነበር። እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ ደንበኞቿ «የኔስ አለቀ?» እያሉ ይደውላሉ። ለበዓሉ መጋረጃ እያጠበች ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ታወራለች። ሾለከ። ኦሞ የተበጠበጠበት ሳፋ ውስጥ ገባ።

ወዲያው አወጣችው። ጥሪው እንኳ አልተቋረጠም። «ተመስገን፣ ምንም አልሆነም» ብላ በፎጣ ጠራረገችው፤ ወሬዋንም መጋረጃዋንም ጨረሰች። ማታ ላይ ስክሪኑ ከታች በኩል አረንጓዴ መስመር አወጣ። የወንድሟ ሚስት «ሩዝ ውስጥ ክተቺው» አለቻት። ሩዝ ውስጥ አደረ። ጠዋት ቻርጀር ሰካችበት። ጀርባው ሞቀ፣ የሳምሰንግ ጽሑፍ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቢጫኑት ቢሰኩት ወይ ፍንክች።

ለእኔ የተደወለው ይሄኔ ነው። በእኛ ቤተሰብ ቻርጀር ያለው ነገር ሁሉ ሲበላሽ ወደ እኔ ይላካል።

ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ላሠራው ወይስ ሌላ ልግዛ?» ባሏ መልሱን አስቀድሞ ይዟል። «መሠራት እያለ ሃያ ምናምን ሺህ ብር ምን ያስወጣል?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። ስልኩ ውስጥ ምን አለ?

ሳፋው ውስጥ የሆነው

ስልክን የሚገድለው ውሃው ብቻውን አይደለም። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። የተጣራ ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም። የቧንቧ ውሃ ግን ማዕድን አለው። ኦሞ የገባበት ደግሞ ባሰ፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ በውሃ የሚሟሙ ብዙ ጨዎች አሉ። ባትሪው እየሠራ እንዲህ ያለ ውሃ ቦርዱ ላይ፣ ማለትም የስልኩ ክፍሎች በተበየዱበት ሰሌዳ ላይ፣ ሁለት ነጥቦችን ካገናኘ፣ መዳቡ ከአንዱ ነጥብ እየተበላ ይሄዳል። ጥገና ቤት ስልክ ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴና ነጭ ዝገት የዚህ ውጤት ነው። ውሃው ሲደርቅ ጨዉ እዚያው ይቀራል። እርጥበት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይነሳል። በክረምት ደግሞ እርጥበት የት ይጠፋል።

ሩዝ ይህን ጨው አያወጣም። ከላይ ያለውን እርጥበት ትንሽ ሊስብ ይችላል፤ ክፍት ቦታ ላይ አየር እየነካው ቢቀመጥም ያው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 በድጋፍ ገጹ ላይ የረጠበ አይፎን ሩዝ ውስጥ እንዳይከተት አሳስቧል፤ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል በሚል። ለእኔ ግን የሩዝ ትልቁ ጥፋት ሰውን ማዘናጋቱ ነው። «ሩዝ ውስጥ ነው» ከተባለ ሕክምና የጀመረ ይመስላል። ዝገቱ በዚያ ሌሊት ሥራውን ይሠራል።

ከሩዙም የከፋው ቻርጀሩ ነበር። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ኤሌክትሪክ መጨመር ማለት ነው። ከውሃ የወጣ ስልክ ወዲያው መጥፋት አለበት። ቢሠራም መጥፋት አለበት። ሲሙ ይውጣ፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ ወደ ታች ሆኖ ቀስ ተደርጎ ይራገፍ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ከፍቶ የሚያጥብ ሰው ዘንድ ይሂድ። ሄር ድራየር አይነካውም፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውንና ስክሪኑን ይጎዳል፣ ንፋሱ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋል።

«ዘመናዊ ስልክ ውሃ አይገባውም ይባል የለ?» አለኝ ባሏ። የቱ ዘመናዊ ስልክ? ኤ32 የውሃ መከላከያ ደረጃ የለውም። በዚያው በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤ52 ግን አይፒ67 አለው፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹህ ውሃ ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው። ያም ቢሆን ፈተናው በአዲስ ስልክ፣ በላቦራቶሪ፣ በንጹህ ውሃ የተደረገ ነው። ሳሙና የለበትም። ውሃውን የሚያግደው ጎማና ማጣበቂያ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይላላል። አንዴ ተከፍቶ የተጠገነ ስልክማ አይፒው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ መደበኛው ዋስትናቸው የውሃ ጉዳትን አይሸፍንም።

«ፍላሽ እናደርገዋለን»

መጀመሪያ የወሰደችው ሰፈር ውስጥ ያለ ልጅ ጋ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ስክሪን ይቀይራል፣ ቻርጀር መሰኪያ ይበይዳል፣ ሥራው ፈጣን ነው። ስልኩን አገላብጦ አየና «ባትሪው ነው። ባትሪ ቀይረን ካልነሳ ፍላሽ እናደርገዋለን» አለ።

እኔ እዚያው ደርሼ ነበርና «ወንድሜ፣ ፍላሽ የሚባል ነገር እንዳትነካው» አልኩት። ትንሽ ከፋው።

ፍላሽ ማድረግ የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን ነው። ሶፍትዌሩ ለተበላሸ ስልክ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የዛገ ቦርድን ግን አያድንም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። አንድሮይድ 10ን ይዘው ከወጡት ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች ውስጣቸው ያለው መረጃ የተመሰጠረ ነው። ኤ32 ከፋብሪካ የወጣው በአንድሮይድ 11 ነው። መረጃው የሚፈታበት ቁልፍ ከጠፋ ፎቶውም ጽሑፉም ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብም ባለሙያም አይመልሰው። በብዛት የሚነገረው «ሚሞሪውን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ ማድረግ» የሚለውም እዚህ አይሠራም። ሚሞሪው ብቻውን አይነበብም። የራሱ ፕሮሰሰር ባለበት በዚያው ቦርድ ላይ መነሳት አለበት፣ ፓተርኑም መግባት አለበት።

ስለዚህ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ስልኩ ውስጥ ምን ምን ነበር? የትኛውስ በእርግጥ እዚያ ብቻ ነው?

ቴሌብሩ ቀላል ነበር። ብሩ ያለው ቁጥሯ ላይ ነው እንጂ ስልኩ ላይ አይደለም። ሲሙን አድርቀን የልጇ ቴክኖ ላይ አደረግነው። *127# ደውላ ሚስጥር ቁጥሯን ስታስገባ ቀሪ ሂሳቧ መጣ። ፊቷ የመጀመሪያ ፈገግታ ያየው ያን ጊዜ ነው። ቴሌግራሙም እዚያው ስልክ ላይ በቁጥሯ ተከፈተ። ትእዛዙ፣ የጥለቱ ፎቶ፣ «ቅዳሜ እወስዳለሁ» የሚለው ሁሉ አለ፤ ቴሌግራም ተራውን ቻት የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነውና። የስልክ ቁጥሮቿ ግማሹ ጎግል ላይ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ነበር። ፎቶዎቿ ወደ ጎግል አይጫኑም፤ ፓኬጅ ይበላል ብላ ዘግታዋለች። ቢከፈትም ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱም ከኢሜይሉ ጋር ተጋርቶ።

ከዚያ ልኬቱ መጣ። ለስንት ዓመት የደንበኞቿን ልክ የምትጽፈው ሳምሰንግ ኖትስ ላይ ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ቁመት። «እሷ ሆዷ ላይ እንዲጠብቅ አትፈልግም» የሚል ማስታወሻ ሳይቀር። ከደንበኞቿ ጅዳ ያሉ አሉ፣ ሲያትል ያሉ አሉ። አንዴ ለእረፍት ሲመጡ ለክታቸዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ጥለቱን በፎቶ ይመርጣሉ፣ ቀሚሱ በሰው እጅ ይሄዳል። የሳምሰንግ አካውንት አልነበራትም። ስለዚህ ማስታወሻው ስልኩ ላይ ብቻ ነው ያለው።

«የስልኩን ነገር ተወው» አለችኝ። «ልኬቱን ብቻ አውጡልኝ።»

ጉዳዩ እዚህ ጋ ለሁለት ተከፈለ። ዕቃው አንድ ጥያቄ ነው፣ ውስጡ ያለው ሌላ ጥያቄ ነው። ዋጋቸውም የተለያየ፣ ባለሙያቸውም የተለያየ ነው። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያስብ ነው። ፎቶ ለማዳን ሲል አዲስ ስክሪን ይገዛል፤ ወይም ዕቃው አያዋጣም ተብሎ ፎቶውን አብሮ ይጥላል።

መገናኛ፣ ጠረጴዛው ላይ

መገናኛ አካባቢ ቦርድ የሚሠራ አንድ ባለሙያ አገኘን። ስክሪን ቀያሪና ቦርድ ሠሪ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። ማይክሮስኮፕ አለ፣ የሙቅ አየር ማሽን አለ፣ ቮልቱና አምፔሩ የሚታይበት ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ቦርድ የሚታጠብበት የአልትራሳውንድ ማጠቢያ አለ። ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው ቦርድ እሠራለሁ ካላችሁ ቸኩላችሁ አትስጡት።

የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ዓይነት ውሃ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ቻርጅ ተደርጓል?»። ሁለቱንም ስንነግረው ከንፈሩን መጠጠ።

የሲም ማስገቢያውን አውጥቶ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አበራ። እዚያ ትንሽ ነጭ ወረቀት አለች፤ ውሃ ሲነካት ወደ ሮዝና ቀይ የምትቀየር። የእሷ ቀልቷል። ከዚያ ጀርባውን አሙቆ ከፈተው። ታች በኩል፣ የቻርጀሩ መሰኪያ ያለበት ትንሹ ቦርድ፣ ሰብ ቦርድ የሚሉት፣ አረንጓዴ ቅርፊት አብቅሏል። የደረቀ አረፋ የሚመስል ነጭ ነገር ብሎኖቹ ዙሪያ ተጋግሯል። ባትሪው ግን አላበጠም። ዋናው ቦርድ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ከብረት ሽፋኑ ሥር ግን ሳሙናው ገብቷል።

ሽፋኑን በሙቅ አየር አነሳ። ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል አጠበ። 99 በመቶው ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካደረቀው በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሰካው። የኃይል ቁልፉ ገና አልተነካም። እንዲህ ሲሆን የአምፔሩ ቁጥር ዜሮ ላይ መቆም ነበረበት። አልቆመም፤ ወዲያው ወጣ። «ሾርት አድርጓል» አለ። ኤሌክትሪኩ መንገድ አቋርጦ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ቦታውን ያገኘበት መንገድ ደስ ይላል። የብየዳ ሙጫ በካውያው አቅልጦ ጭሱን ቦርዱ ላይ ለቀቀው። ቦርዱ ስስ ነጭ አመዳይ ለበሰ። ከዚያ ዝቅተኛ ቮልት ሰጠው። ሾርት ያደረገው ቦታ ይሞቃል፤ እዚያ ላይ ያለው አመዳይ ቀልጦ ይጠፋል። በማይክሮስኮፑ አሳየን፦ በነጩ መሃል አንዲት የጠቆረች ነጥብ። የሰሊጥ ፍሬን ግማሽ የማታህል ካፓሲተር የምትባል የቦርዱ ክፍል ናት። ነቀላት። በዚያ መስመር ላይ ሌሎች መሰሎቿ ስላሉ ያለ እሷም ብዙ ጊዜ ይሠራል። አምፔሩ ዜሮ ላይ ቆመ።

የመሞከሪያ ስክሪንና ከሌላ ስልክ ያወጣውን ባትሪ አገናኘ። ቁልፉን ተጫነ። ሳምሰንግ የሚለው ጽሑፍ መጣ፣ ቀጠለ፣ ፓተርን ጠየቀ። የአጎቴ ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

የራሷ ስክሪን ግን አልተረፈም። ታችኛው ግማሽ ጥቁር ነው።

ሒሳቡ

ባለሙያው የነገረን ዋጋ ይኼ ነው። ቦርዱን ማጠብና ሾርቱን ማውጣት 2,500 ብር። ሰብ ቦርድ 800። ባትሪ 1,800። ስክሪን ኦሪጅናል 8,500፣ ኮፒ 3,500። ኦሪጅናል ስክሪን ከገባ ጠቅላላው 13,600 ይሆናል፤ በኮፒ 8,600። ያገለገለ ኤ32 በቴሌግራም ቻናሎች 11,000 ገደማ ይጠየቅበት ነበር። ፓክድ፣ ማለትም ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ሳምሰንግ ኤ16 ደግሞ 24,000። ቁጥሮቹ የዚያ ሳምንት፣ የእኛ ቁጥሮች ናቸው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የስልክም የመለዋወጫም ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ሁለቱም በዶላር ነው የሚገቡት።

የኦሪጅናል ስክሪኑ ሐሳብ ወዲያው ወደቀ። በ13,600 ብር ውሃ የነካው ኤ32 ከማሠራት ውሃ ያልነካው በ11,000 ይገዛል።

የባሏ ክርክር በኮፒው ላይ ነበር። «8,600 እና 24,000። አሥራ አምስት ሺህ ብር እኮ ነው!» እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አሥራ አምስት ሺህ ብር ለእነሱ ቤት የወራት አስቤዛ ነው። ግን 8,600ው ምን እንደሚገዛ ማየት ያስፈልጋል። የእሷ ኤ32 ስክሪን አሞሌድ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የጣት አሻራውም ከስክሪኑ ሥር ነው። ርካሹ ኮፒ ኤልሲዲ የሚባል ሌላ ዓይነት ስክሪን ስለሆነ አሻራው አይሠራም። ሳምሰንግ ለዚህ ሞዴል ቃል የገባው የአራት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ሲቆጠር በዚያው ዓመት እያለቀ ነበር። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትልቁ ግን ቦርዱ ነው። ባለሙያውን «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ስንለው «እህቴ፣ ውሃ ለነካው ስልክ ዋስትና አልሰጥም። ዓመትም ሊቆይ ይችላል፣ ነገም ሊሄድ ይችላል» አላት። ይህን በግልጽ የሚናገር ሠራተኛ እወዳለሁ። ችፖቹ ሥር የገባ ጨው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ስለመውጣቱ ማንም መማል አይችልም።

«ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተወው» የሚል የተለመደ ምክር አለ። ስክሪኑ ለተሰበረ ስልክ ጥሩ ምክር ነው። እዚያ የሚገዛው ነገር ይታወቃል፤ ስክሪን ተሰብሮ ነበር፣ ስክሪን ገባ፣ አለቀ። ውሃ ላይ ግን የምትከፍለው ለማይታወቅ ዕድሜ ነው። በእኔ ግምት ለሥራ የሚያገለግል ስልክ ከሆነ ከአዲሱ ዋጋ ከሩብ በላይ ማውጣት አያዋጣም። ልጅ የሚጫወትበት ቢሆን ኖሮ በኮፒ ስክሪን ይሠራ ነበር፤ ቢሞትም ማን ይጎዳል? ስልኩ መቶ ምናምን ሺህ ብር የሚያወጣ አይፎን ቢሆንም ሒሳቡ ይገለበጣል፤ እዚያ የቦርድ ጥገና ዋጋ ከአዲሱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የእሷ ግን የመካከለኛ ዋጋ ስልክ ነው፣ ሥራዋ ደግሞ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ በመስቀል አድርጎ እስከ ጥር ሠርግ ድረስ ፋታ የለውም። በጥር መሃል ስልኩ ቢሞት የሚጠፋው 8,600 ብር ብቻ አይሆንም።

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሟም ነገሩን ሰምቶ «አትግዢ፣ አይፎን በሰው እልካለሁ» አለ። ጥሩ ወንድም ነው። ሁለት ጥያቄ ላክንለት። ከኔትወርክ ኩባንያ በየወሩ ክፍያ የወሰድከው ከሆነ ለሌላ ኔትወርክ ተከፍቷል ወይ? ስንተኛው አይፎን ነው? አሜሪካ የሚሸጡት ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ እሷ ደግሞ የምትጠቀመው ተራውን ሲም ነው። 15 ነበር። የሚመጣው ሰውም የሚደርሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ምስጋናችንን ልከን ተውነው።

እኔ ያገለገለ ኤ52 ወይም ኤ53 ነበር ሐሳቤ። አይፒ67 አላቸው፣ ዋጋቸውም ከአዲስ ኤ16 ብዙ አይርቅም ነበር። እሷ «ስላይትሊ ዩዝድ» በሚባለው ነገር አልተማመነችም። ተሳስታለች አልልም። እዚያ ገበያ ላይ ታጥቦ የተሸጠ የውሃ ስልክ አይጠፋም። የሚገዛ ሰው የሲም ማስገቢያውን አውጥቶ ያችን ወረቀት በእጅ ባትሪ ይያት። ስፒከሩን፣ ማይኩን፣ ሁለቱንም ካሜራ ይሞክር፤ ካሜራው ውስጥ ጉም የሚመስል ነገር ካለ ይተወው። ቻርጀር ሰክቶ ትንሽ ያቆየው፣ ይሞቅ እንደሆነ ይይ።

አዲስ ኤ16 ተገዛ። ሳምሰንግ ለዚህኛው የስድስት ዓመት ማሻሻያ ነው ቃል የገባው። አይፒ54 ነው፤ ዝናብና ፍንጣሪ ይችላል፣ ሳፋ አይችልም።

ማውጣቱ

የተስማማነው ስክሪን አይገባም፣ ባትሪ አይገባም በሚል ነው። መታጠቡና ሰብ ቦርዱ ብቻ፤ 3,300 ብር። ስልኩን ተዉልኝና ነገ ኑ የሚለውን አልተቀበልንም። ፓተርኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ለሠራተኛ መስጠት እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ቴሌብርና የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ ግን አይደረግም። እዚያው ጎኑ ተቀምጠን እሷው ከፈተችው።

ቅደም ተከተሉን አስቀድመን ተነጋግረናል። ስልኩ መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ የሚጀመረው ከሌላ ቦታ ሊገኝ ከማይችለው ነው። ማስታወሻዎቹን በፒዲኤፍ አውጥታ በባለሙያው ዋይፋይ ቴሌግራሟ ላይ ለራሷ ላከች። አንድ በአንድ ሲገቡ በልጇ ስልክ ላይ እየከፈትኩ አየሁ። የጅዳዋ አለች። የሲያትሏ አለች። ቀጥሎ የስልክ ቁጥሮቹ በአንድ ፋይል ወጡ። ከዚያ ፍላሽ ዲስክ ሰክተን ፎቶውን መገልበጥ ጀመርን።

ፎቶው መሃል ላይ ሳለ ቦርዱ ሞቀ። ስክሪኑ ጠፋ። ባለሙያው ፓወር ሰፕላዩ ላይ መልሶ አየው፤ አምፔሩ እንደገና ወጥቷል። አሁን የጠቆረው ነጥብ ከካፓሲተር ላይ አልነበረም። ከትልቁ የኃይል ችፕ ሥር ነው የሚሞቀው። «ችፑ ሊቀየር ይችላል፤ ሌላ 4,000 ይፈጃል። ግን ቃል አልገባም» አለ።

የቀሩት የድሮ ፎቶዎች ናቸው። የልጇ ልደት፣ የእናቷ ቤት፣ ለደንበኛ ያሳየቻቸው የድሮ ቀሚሶች። ትንሽ አሰበች። የልደቱን ፎቶዎች እህቷም እንዳነሳች ትዝ አላት፤ ቀሚሶቹ ቴሌግራም ቻናሏ ላይ አሉ። «ይበቃል» አለች። እኔም ከዚህ በላይ አልገፋፋኋትም። የእናቷ ቤት ፎቶዎች ሌላ ቦታ እንደሌሉ ታውቃለች፤ አውቃ ነው የተወችው።

የሞተውን ስልክ ባለሙያው «ለፓርት እገዛዋለሁ» አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ነበር። ስልኩ ስለማይነሳ ውስጡን ማጽዳት አይቻልም። መረጃው የተመሰጠረ ቢሆንም ቦርዱ ተጠግኖ የሚነሳበት ዕድል አለ፤ የእሷ ፓተርን ደግሞ ኤል ቅርጽ ነው፣ ሕፃንም ይገምተዋል። ዋናው ቦርድ ተነቅሎ ተሰጣት። ባሏ በመዶሻ ፕሮሰሰሩንና ሚሞሪውን መታው፤ በዚህ ነገር መጨረሻ ላይ ደስ ያለው ብቸኛ ሥራ ይመስለኛል። ባትሪውን መዶሻም ሙቀትም በማይነካው ቦታ ለብቻው ባለሙያው ተቀበለ።

ለካሜራዎቹና ለሽፋኑ 900 ብር ሰጣት። ለእኛ በ800 የሸጠልንን ሰብ ቦርድ ደግሞ፣ ከስንት ክርክር በኋላ፣ በ400 መልሶ ገዛው።